የውኃ ቁንጫን በመልክና በዘር ስለ መለየት

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ውኃ ቁንጫ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ «ምን አገባቸው!» የሚል ጓደኛ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገሩ የጀመረው በክርክር ነው። አንድ ማታ የባዮሎጂ ተማሪ የሆነ የመኝታ ክፍል ባልንጀራችን አራት ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «እስቲ እነዚህን በየዝርያቸው ለዩልኝ» አለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ የአንዷ ራስ ክብ ነው፥ ሁለተኛዪቱ ግን እንደ ሾጣጣ ቆብ ያለ ረጅም ነገር ራሷ ላይ ደፍታለች። ሳናመነታ «ሁለት ዝርያ ናቸው» አልን። የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ካንድ ማኅተም የወጡ ይመስሉ ነበርና «እነዚህስ አንድ ናቸው» ብለን ፈረድን። ባልንጀራችን እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ፥ ባለቆቧና ክብ ራሷ የአንዲት እናት ልጆች ሊሆኑ እንደሚችሉ፥ መንትያ የመሰሉን ሁለቱ ግን አንዷ የአፍሪካ፥ አንዷ የአሜሪካ ተወላጅ እንደ ሆኑና የኋለኛዪቱ የፊተኛዪቱን ካገሯ እንዳጠፋቻት ነገረን። ሁለቱንም ፍርድ ስተናል። ለምን እንደ ሳትን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ስንመላለስ ሰንብተን ያገኘነውን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የውኃ ቁንጫ ስሟ ቁንጫ ይባል እንጂ ከቁንጫ ጋር የቅርብ ዝምድና የላትም። ዘመዶቿ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው፤ ሊቃውንቱ ክሩስታሲያ የሚሏቸው፥ አጥንት ከውስጥ በመያዝ ፈንታ እንደ ጥሩር ያለ ቅርፊት ከውጭ የሚለብሱ ፍጥረታት ማለት ነው። የሳይንስ ስሟ ዳፍኒያ ነው። ርዝመቷ ካንድ እስከ አምስት ሚሊሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ከኩሬ በብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣ ሰው በዓይኑ ሊያያት ይችላል። ነጥብ መስላ እየዘለለች ትዋኛለች፥ ቁንጫ ያሰኛትም ይኸው ዝላይዋ ነው፤ የምትዘለው ግን በእግሯ ሳይሆን እንደ መቅዘፊያ በሚያገለግሏት ሁለት ቅርንጫፋም አንቴናዎቿ ነው። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቷት ልቧ ሲመታ፥ የበላችው አረንጓዴ አልጌ ባንጀቷ ሲያልፍ፥ ጀርባዋ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ልጆቿ ሲንቀሳቀሱ ይታያል። ትልቅ ዓይኗ አንድ ብቻ ነው። እርስዋ አልጌውን ትበላለች፥ ትናንሽ ዓሦችም እርስዋን ይበላሉ፤ ስለዚህ የአንድ ሐይቅ ውኃ መጥራቱና መደፍረሱ፥ የዓሣውም መብዛትና ማነስ በከፊል በዚህች ነጥብ በምታህል ፍጥረት እጅ ነው።

አወላለዷ ለነገራችን እጅግ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ወንድ አትፈልግም። ሴቲቱ ብቻዋን ሴቶች ልጆችን ትወልዳለች፥ ልጆቹም በዘራቸው የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ምግብ ሲጠብ፥ ቦታው ሲጨናነቅ፥ ቀኑም ሲያጥር ግን ወንዶች ይወለዳሉ፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ተገናኝተው ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል የሚይዝ ጠንካራ ጥቁር ማኅደር ያበጃሉ። ማኅደሩ በጀርባዋ ላይ ሆኖ ሲታይ ኮርቻ ስለሚመስል በግሪክኛም ስሙን ያገኘው ከኮርቻ ነው። ይህ ኮርቻ ከቅርፊቷ ጋር ወልቆ ከሐይቁ ግርጌ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፤ ድርቅና ውርጭ አይገድለውም፥ ዓመት ቆይቶ፥ አንዳንዴም አሥርና ሃያ ዓመት ቆይቶ ይፈለፈላል። እንዲያውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ካንድ ሐይቅ ጭቃ የወጡና 700 ዓመት ያህል የተቀበሩ እንቁላሎች ተፈልፍለው በ2014 ታትሞ ተነግሯል። አንባቢ ይህን ኮርቻ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፥ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስም ማውጣቱ የጀመረው እንደ ማንኛውም ፍጥረት በመልክ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔዎስ በ1758 «ሞኖኩሉስ ፑሌክስ» አላት፥ ይኸውም «ባለ አንድ ዓይን ቁንጫ» እንደ ማለት ነው። ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር በ1785 ዳፍኒያ የሚለውን ስም ከግሪኮች ተረት ከዳፍኔ አመጣላት። ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ እኛን የማረከን ግን ኖርዌጃዊው ጌኦርግ ኦሲያን ሳርስ ነው። ይህ ሰው ካገሩ ሳይወጣ ከአውስትራልያ የደረቀ ጭቃ አስመጥቶ፥ ውኃ አፍስሶበት፥ ከጭቃው ውስጥ የተኙት እንቁላሎች ሲፈለፈሉ እያሳደገ ሣላቸው፤ በ1885ም ከእነርሱ አንዷን «ዳፍኒያ ሉምሆልጺ» ብሎ ሰየማት። የሌላውን ክፍለ ዓለም ሐይቅ በገዛ ቤቱ በብርጭቆ ውስጥ አየ ማለት ነው።

እነዚህ ሊቃውንት የሚያዩት ምን ነበር? የራስን ቅርጽ፥ የአፍንጫን ጫፍ፥ የጅራት እሾህን ርዝመት፥ በቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ፀጉሮች፥ በሰውነቷም ጫፍ ባለው ጥፍር ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩትን ጥቃቅን ጥርሶች ነው። ለምሳሌ ፑሌክስ የሚባለው ወገን በጥፍሩ ላይ መካከለኛው ማበጠሪያ ጐላ ብሎ ይታያል። ኦብቱዛ የምትባለው ደግሞ ከፑሌክስ ጋር በጣም ትመሳሰላለች፤ ነገር ግን ከቅርፊቷ በታችኛው ጠርዝ በኩል ላባ የመሰሉ ረጃጅም ፀጉሮች አሏት። ይህን ለማየት ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ባልንጀራችን በማይክሮስኮፕ እንድናይ ዕድል ሰጥቶን ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያየነው የራሳችንን የዓይን ሽፋሽፍት እንደ ነበረ ለመናዘዝ እንገደዳለን።

ጥፍርና ፀጉር ጥሩ ምስክር ናቸው። ራስና እሾህ ግን ይዋሻሉ። ጀርመናዊው ሪቻርድ ቮልተሬክ ከተለያዩ ሐይቆች የመጡ የዳፍኒያ ግልባጮችን ምግባቸውን አንዳንዴ ጥቂት፥ አንዳንዴ መጠነኛ፥ አንዳንዴ ብዙ እያደረገ አሳድጎ የራሳቸውን ቁመት ለካ። ዘራቸው አንድ የሆኑት እኅትማማቾች እንደ ምግባቸው መጠን አንዷ ባለ ረጅም ራስ፥ አንዷ ባለ አጭር ራስ ሆኑ። በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የሚወረሰው አንድ የተወሰነ መልክ ሳይሆን ለልዩ ልዩ ኑሮ ልዩ ልዩ መልክ የመስጠት ደንብ ነው ሲል አስረዳ፤ ይህንንም የምላሽ ደንብ ብሎ ጠራው። ሐሳቡ ዛሬ በመላው የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚሠራበት ሆኗል፥ የተገኘው ግን ከውኃ ቁንጫ ቆብ ነው።

ከዚያም የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ካኦቦሩስ የምትባል የቢንቢ ዘመድ አለች፥ እጯ በውኃ ውስጥ የዳፍኒያን ልጆች እያደነች ትበላለች። እጯ ራስዋ ተወስዳ የኖረችበት ውኃ ብቻ ለፑሌክስ ቢሰጥ፥ የሚወለዱት ልጆች ማጅራታቸው ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አብቅለው ይወጣሉ፤ ይህም በ1981 በሙከራ ታይቷል። ጠላታቸውን ሳያዩት ባሕር ውስጥ በቀረው ጠረኑ ብቻ ጋሻ ያነግታሉ ማለት ነው። እንግዲህ ካንድ ኩሬ በሁለት ወር የተቀዱትን አንድ ሰው ቢሥላቸው ሁለት ስም ሊያወጣላቸው ይችላል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ወጥቶላቸዋል፤ በአሮጌ መጻሕፍት የተሰየሙት ብዙዎቹ የዳፍኒያ ዓይነቶች ኋላ የአንድ ዝርያ የክረምትና የበጋ ልብስ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህን ለእኛ ለፊደል ሰዎች በሚገባን መንገድ ብንናገረው ይሻላል። አንድን «ሀ» አንድ ደብተራ አስውቦ፥ አንድ ተማሪ ደግሞ ለፈተና ሲቸኩል ቢጽፈው መልኩ ይለያያል እንጂ ፊደሉ ያው አንድ ነው። የባለቆቧና የክብ ራሷ ነገር ይህን ይመስላል። በሌላ በኩል ግን «ሠረቀ» ሲል ወጣ፥ ለፀሐይ እንደሚባለው፥ «ሰረቀ» ሲል ግን የሌባ ሥራ ነው፤ «ሠዓለ» ሥዕል ሣለ፥ «ሰአለ» ለመነ ነው። በጆሮ ብቻ ለሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ናቸው፥ ጽሕፈቱን ላየ ግን ሥራቸው ሌላ ሌላ ነው። ሁለተኛው ስሕተታችን የዚህ ዓይነት ነበር፤ ጆሮ የማይለየውን የሚለይ ጽሕፈት ያስፈልግ ነበር፥ ጽሕፈቱም በሕዋስ ውስጥ ተገኘ።

መጀመሪያ የተነበበው ዲኤንኤው ራሱ ሳይሆን ዲኤንኤው የሚያሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲኑን እንደ ረጋ ገንፎ ባለ ነገር ላይ አድርገው ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉበት አንዱ ይፈጥናል፥ አንዱ ይዘገያል። በሰሜን አሜሪካ በኩሬ የምትኖረው ፑሌክስና በሐይቅ የምትኖረው ፑሊካሪያ በመልክ ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ፕሮቲናቸው በኩሬዪቱ ዘገምተኛ፥ በሐይቋ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም የያዘች ከተገኘች የሁለቱ ድቅል ናት። ኋላ ዲኤንኤውን ፊደል በፊደል ማንበብ ሲቻል ነገሩ ይበልጥ ተራቀቀ። የካናዳው ፖል ሄበርት ከዳፍኒያ ጋር ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነው፤ በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ እንስሳት ሁሉ በያሉበት ካላቸው ከማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 650 ያህል ፊደላት የሆነች አንዲት ቁራጭ ብትነበብ ለዝርያ መለያ ትሆናለች የሚል ሐሳብ አቀረበ። በሱቅ ዕቃ ላይ እንዳለው ባለ መስመር ምልክት ማለት ነው። በ2011 ደግሞ የዳፍኒያ ፑሌክስ ሙሉ የዘር ጽሕፈት ታተመ፤ ከክሩስታሲያ ወገን እንዲህ ሲነበብ የመጀመሪያው ነው፥ ከ30,000 የማያንሱ ጂኖችም ተቈጥረውበታል።

አሁን ባልንጀራችን ወዳሳየን ወደ ኋለኞቹ ሁለት ሥዕሎች እንመለስ። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ፥ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ናይቫሻ የሚባል ጨው አልባ ሐይቅ አለ። በዚህ ሐይቅ ዳፍኒያ ፑሌክስ ትኖራለች፤ በማይክሮስኮፕ ያያት ሁሉ ፑሌክስ አላት፥ ስሕተትም አልነበረውም። ነገር ግን ዮአኪም መርጌይ፥ ዲርክ ፈርሹረንና ሉክ ደ ሜስተር የተባሉ የቤልጅግ ተመራማሪዎች የሐይቁን ግርጌ ጭቃ እንደ ምሰሶ አድርገው አወጡት። ጭቃው በየዓመቱ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ ስለሚከማች ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ወደ ቀደመው ዘመን ይወርዳሉ። በየንጣፉም አንባቢ እንዲያስታውሰው የለመንነው ኮርቻ ይገኛል። ከተኙት እንቁላሎች ዲኤንኤ አውጥተው አነበቡ።

ከታች ያሉት የአገሩ ተወላጅ ፑሌክስ ናቸው፤ በዘራቸው ብዙ ዓይነት፥ ወንድና ሴት ተገናኝተው የሚዋለዱ። ወደ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ትታያለች። ይህች የአሜሪካ ወገን ናት፤ የፑሌክስና የፑሊካሪያ ድቅል ስትሆን ያለ ወንድ ብቻ የምትባዛ፥ ሁሉም የአንዲት እናት ግልባጭ የሆኑ አንዲት ዘር ብቻ ነች። እንዴት መጣች ቢባል፥ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለስፖርት አጥማጆች ተብሎ ባስ የሚባል አፈ ሰፊ ዓሣ ከአሜሪካ ወደ ናይቫሻ ገብቶ ነበርና ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ከእርሱ ጋር መጥታለች ብለው ነው። ከገባች በ60 ዓመት ውስጥ የአገሬውን ዘር ከሐይቁ ፈጽማ ተካችው። በ2006 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፥ ግልባጯ የአፍሪካ ተወላጅ ፑሌክስ ይኖርበት በነበረው አገር ሁሉ ተሠራጭታ፥ ናሙና በተወሰደበት ስፍራ የተገኘችው እርስዋ ብቻ ሆናለች።

እኛን እንቅልፍ የነሣን ይህ ነው። የአገሬው ዘር በቍጥር ይበልጥ ነበር፤ በጭቃው ውስጥም በየጊዜው እየተፈለፈለ የሚተካው ብዙ የእንቁላል ጎተራ ነበረው፤ የዘሩም ብዛት በመምህራኖቻችን አነጋገር ኃይል ነው። እንግዳዪቱ ግን አንዲት ብቻ ናት፥ ልዩነትም የላትም። እርስዋ አሸነፈች። ጥፋቱ ሲፈጸም ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን ሲያጠምድ፥ ተመራማሪውም ከሐይቁ ናሙና ወስዶ በመዝገቡ ላይ «ዳፍኒያ ፑሌክስ ተገኘ» ብሎ ሲጽፍ ነበር። ስሙ አልተለወጠም፥ ባለ ስሙ ግን ሌላ ነበር። ጭቃው ባይቆፈርና ፊደሉ ባይነበብ ኖሮ አንድ ዘር ከነመኖሩ ጭምር ሳይታወቅ በጠፋ ነበር።

ስለ ስም መሳሳት ሌላ አንድ ምሳሌ ባጭሩ እናንሣ፥ በገንዘብና በጤና የሚመጣ ነውና። ሂያለላ አዝቴካ የምትባል ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የንጹሕ ውኃ ክሩስታሲያ በሰሜን አሜሪካ አለች። የወንዝ ውኃ ወይም ደለል መመረዙንና አለመመረዙን ለማወቅ በእርስዋ ላይ ይፈተናል፤ ከሞተች ተመርዟል ይባላል። ዲኤንኤዋ ሲነበብ ግን በዚያ አንድ ስም ሥር ብዙ ዝርያዎች ተሸሽገው ተገኙ። በ2013 እንደ ታተመው፥ በተባይ መድኃኒት በሚታጠቡ ወንዞች የሚኖሩ አንዳንዶቹ በላቦራቶሪ ከሚረቡት ይልቅ መርዙን ከመቶ እጥፍ በላይ ይቋቋማሉ። እንግዲህ «ሂያለላ አልሞተችም፥ ውኃው ደኅና ነው» የሚል ሰው የትኛዪቱ ሂያለላ እንደ ሆነች መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ «መልክን ትተን ፊደሉን ብቻ እናንብብ» የሚል ይኖራል፤ ከባልንጀራችን ጋር ዋናው ክርክራችን በዚህ ላይ ነበር። በእኛ አስተያየት ይህም ስሕተት ነው። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ ይወረሳል፤ ስለዚህ የናይቫሻን እንግዳ በእርሱ ብቻ ብንመረምራት የእናቷን ወገን ይነግረናል እንጂ ድቅል መሆኗን አይነግረንም። ያንን የተናገረው ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ነው። ሁለተኛም፥ በሁለት ሐይቆች መካከል ጥቂት ፊደል በተለያየ ቍጥር ሁሉ አዲስ ዝርያ እንሰይም ብንል የት እንደምናቆም የሚነግረን የለም፤ በዚህ ነገር ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ሦስተኛም፥ የቀደሙት ሰዎች የሰየሟቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ በፎርማሊን የተቀመጡ ስለ ሆኑ ዲኤንኤአቸው ተበላሽቷል፤ ስሞቻቸውን ከዛሬው ፍጥረት ጋር የሚያገናኝልን መልክ ነው። በፍርድ ቤት አንድ ምስክር አይበቃም እንደሚባለው፥ እዚህም ፊደሉ ይለየን፥ ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፕ ተመልሰን በፊት ያላስተዋልነውን ፀጉርና ጥርስ እንፈልግ። ብዙ ጊዜ የተሰወረ የሚባለው ልዩነት ካወቁበት በኋላ ሲፈልጉት ይገኛል። ባልንጀራችን በዚህ በከፊል ተስማምቷል፤ ሙሉ በሙሉ ተስማማ ብንል ግን ይህን መጽሔት ስለሚያነብብ አንደፍርም።

ይህ ሁሉ የሌላ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2010 ሩሲያዊው አሌክሴይ ኮቶፍና በአሜሪካ የሚያስተምረው ዴሬክ ቴይለር ካገራችን ከኢትዮጵያ ደጋ የተገኘች አዲስ ዝርያ «ዳፍኒያ ኢዝፖድቫላ» ብለው ሰየሙ። አንዱ የመልክ፥ አንዱ የዲኤንኤ ሊቅ ናቸው፥ ጽሑፉም ሁለቱን ምስክሮች ባንድነት ያቀርባል። ወገኗ ያ ላባ ፀጉር ያለው የኦብቱዛ ወገን ነው። በአፍሪካ የሚገኙት መሰሎቿ ቀድሞ ኦብቱዛ ተብለው ብቻ ያልፉ ነበር። በየደጋው ስንት ኩሬ፥ በየኩሬውም ማን እንዳለ ስናስብ ግን መዝገቡ ገና ባዶ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ጓደኛ ቢረዳን፥ ባልንጀራችን የሚፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። የሻይ ማጥለያ በሚያህል ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ከኩሬው ውኃ አጥልሎ የቀረውን በትንሽ ጠርሙስ 95 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ፎርማሊን ግን ለመልክ መልካም ሲሆን ፊደሉን ስለሚያጠፋ አይሁን። በወረቀት ላይ በእርሳስ ቦታውን፥ ከፍታውን፥ ቀኑንና የአንሺውን ስም ጽፎ ወረቀቱን እጠርሙሱ ውስጥ መክተት ነው፥ በቀለም ከተጻፈ አልኮሉ ያጥበዋልና። ጠርሙስ ያጣ ሰው እንደ ሳርስ ወዳጆች ከደረቀ ኩሬ አንድ እፍኝ ጭቃ በፖስታ ይላክልን፥ እኛ ውኃ እናፈስበታለን። ከተፈለፈሉ በኋላ ግን ውኃውን ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ግቢው ኩሬ የሚደፋ አይኖርም፤ የፈላ ውኃ ከተጨመረበት በኋላ በጓሮ ይደፋል።